መጽሐፍ ይዞ መብረር

ኦገስት 2009 ነው፤ ቦታው የአሜሪካው ፊላዴልፊያ ኤርፖርት። አንድ የኮሌጅ ተማሪ ወደ ካሊፎርኒያ፣ ወደ ትምህርቱ ሊመለስ ነው። ፍተሻው ላይ ኪስህን አራግፍ ተባለ፤ አራገፈ። ከኪሱ ከወጣው መሀል ትንንሽ ካርዶች ነበሩ። በአንድ ጎን ዓረብኛ፣ በሌላው ጎን እንግሊዝኛ የተጻፈባቸው። ቋንቋ ያጠና ሰው ሁሉ ያውቃቸዋል። ልጁ ዓረብኛ የሚማረው ዜና ማንበብ እንዲችል ነበር። ስለዚህ ከካርዶቹ መሀል «ቦምብ» እና «አሸባሪ» የሚሉ ቃላትም ነበሩ። የዚያን ዘመን የመካከለኛው ምሥራቅ ዜና ያለ እነዚህ ቃላት አይነበብም። (ዓመቶቹን የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። የእኛ ሲሆን እናገራለሁ።)

ሻንጣው ውስጥ ደግሞ የአሜሪካን የውጭ ፖሊሲ የሚተች መጽሐፍ ተገኘ። ኃላፊ ተጠራች። የተባባሉት በኋላ በክሱ ሰነድ ላይ ሰፍሯል። ስለ ሴፕቴምበር 11 ጥቃት ምን እንደሚሰማው ጠየቀችው። ከዚያ ማን እንዳደረሰው ታውቃለህ አለችው። ኦሳማ ቢን ላደን፣ አላት። የሚናገረው ቋንቋስ? ዓረብኛ። እንግዲህ እነዚህ ካርዶች ለምን እንደሚያጠራጥሩ ገባህ? አለችው።

ተማሪው እጁ በካቴና ታሰረ። ኤርፖርቱ ውስጥ ባለው ፖሊስ ጣቢያ ተዘጋበት። ቆይተው የኤፍ.ቢ.አይ ሰዎች መጡና ስለ ሃይማኖቱ፣ በኮሌጁ ስላሉ ማኅበራት ጠየቁት። መጨረሻ ላይ አደጋ የለውም ተብሎ ተለቀቀ። ነገሩ ሁሉ አምስት ሰዓት ያህል ፈጅቷል።

መጽሐፉ ምን እንደነበር መናገር ያስፈልጋል። «ሮግ ኔሽን» ይባላል፤ ሕግ አልገዛም ያለ አገር እንደማለት ነው። በ2003 የወጣ ነው። ጸሐፊው ክላይድ ፕሬስቶዊትዝ በፕሬዚዳንት ሬገን ጊዜ የንግድ ሚኒስቴር ባለሥልጣን ነበር። አገሩን ወክሎ ከጃፓን ጋር ሲደራደር የኖረ ሰው ነው። ያቺ ኃላፊ ሽፋኑን ገልጣ ስለ ደራሲው የሚናገረውን አንቀጽ ብታነብ ኖሮ አንድ ደቂቃ ነበር የሚፈጅባት። በዚህ ዓይነት ታሪክ ሁሉ የማየው ይህንን ነው። መጽሐፉ ምን እንደሚል የሚጠይቅ የለም። የሚፈራው ሽፋኑ ነው፣ ፊደሉ ነው፣ ርዕሱ ነው።

ይህን ጉዳይ የምከታተለው የራሴ ስለሆነ ነው። የምኖረው ሜሪላንድ ነው። አዲስ አበባ ደርሼ ስመለስ የሻንጣዬ ግማሽ በርበሬና ሽሮ ነው፤ ግማሹ መጽሐፍ። ለገሀርና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ከሚያዞሩት ልጆች እገዛለሁ። ክንዳቸው ላይ እስከ አገጫቸው ደርድረው የሚዞሩትን ታውቋቸዋላችሁ። ብዙው የምገዛው ስለዚያ ትውልድ የሚተርክ ነው፤ ስለ ተማሪው እንቅስቃሴ፣ ስለ ኢሕአፓና መኢሶን፣ ስለ ቀይ ሽብር። የእነዚህ መጻሕፍት ሽፋን ደግሞ ይመሳሰላል። የተጨበጠ ቡጢ፣ ጠመንጃ፣ ቀይ ቀለም።

አንድ ጊዜ ስመለስ ሻንጣዬ ተከፈተ። መኮንኑ በርበሬውን አየ፣ አሸተተ፣ አለፈው። መጽሐፉ ላይ ቆመ። ገጾቹን ገለጠ፤ ዓረብኛ ነው ወይ አለኝ። አማርኛ ነው አልኩት። ስለ ምንድን ነው? አገሬ ላይ ስለደረሰ እልቂት ነው አልኩት። ደራሲው ከየትኛው ወገን ነው? አለኝ።

ያ ጥያቄ ደሜን አፈላው። ጫማሽን አውልቂ ሲሉኝ አወልቃለሁ። እጅሽን ዘርጊ ሲሉኝ እዘረጋለሁ። ሽሮዬን በትነው ቢፈትሹትም ቅር አይለኝም፤ ሕፃናት ይዘው የሚሳፈሩ ሰዎች አሉ፣ በሰላም መድረስ አለባቸው። ፈንጂ ፈልጉ፣ ስለት ፈልጉ፣ ሥራችሁ ነው። የያዝኩት መጽሐፍ ከየትኛው ወገን እንደሆነ መጠየቅ ግን ሌላ ሥራ ነው። አውሮፕላኑን የሚጠብቅ ጥያቄ አይደለም። እኔን የሚመዝን ጥያቄ ነው።

ከተማሪው ስምንት ዓመት ቀድሞ እዚያው ፊላዴልፊያ ሌላ ነገር ሆኗል። ኦክቶበር 2001 ነው፤ ጥቃቱ ከደረሰ ወር አልሞላውም ነበር ማለት ይቻላል። ኤርፖርቶች በናሽናል ጋርድ ወታደሮች ተሞልተዋል። የ22 ዓመት ወጣት ወደ ፊኒክስ ሊበር «ሃይዱክ ላይቭስ» የሚል ልቦለድ ይዞ መጣ። ደራሲው ኤድዋርድ አቢ ስለ አሜሪካ በረሃ ሲጽፍ የኖረ ነው። ልቦለዱ በረሃውን ከቡልዶዘር ለማዳን ማሽን ስለሚያበላሹ ሰዎች ነው። የወጣው በ1990፣ እሱ በሞተ በዓመቱ ነው። ሽፋኑ ላይ ዲናሚት የጨበጠ እጅ ተሥሏል። ወጣቱ በዚህ ተይዞ ተጠየቀ፤ መጽሐፉን አገላበጡበት፤ አየር መንገዱም አላሳፍርም አለው። ቤቱ ሄዶ ያንን ትቶ ሃሪ ፖተር ይዞ ተመለሰ። አሁንም አላሳፈሩትም።

እኔን የሚያስጨንቀኝ ሁለተኛው ጉዞ ነው። ልጁ የተባለውን አድርጓል። መጽሐፉን ቤት ጥሎ፣ የልጆች መጽሐፍ ይዞ መጥቷል። አልጠቀመውም። አንዴ ከተጠረጠረ በኋላ የሚጠረጠረው ወረቀቱ አይደለም፤ ሰውዬው ነው።

እንግሊዝ ውስጥ ደግሞ ነገሩ የሕግ ስም አለው። በ2000 የወጣው የሽብር ሕግ ሰባተኛ አባሪ ይባላል። ፖሊስ በኤርፖርት፣ በወደብና በባቡር ድንበር ላይ ማንንም አስቁሞ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። ለዚህ ጥርጣሬ መኖሩ ግድ አይደለም። በሌላ ቦታ ፖሊስ ቢይዝህ ዝም ማለት መብትህ ነው፤ እዚህ ግን አልመልስም ማለት ራሱ ወንጀል ነው፣ እስከ ሦስት ወር ያሳስራል። በፊት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማቆየት ይቻል ነበር። በ2014 ሕግ ወደ ስድስት ሰዓት ወርዷል።

በ2016 በጋ አንዲት ሙስሊም እንግሊዛዊት ከባለቤቷ ጋር ለጫጉላ ሽርሽር ወደ ቱርክ በረረች። አውሮፕላን ውስጥ «ሲሪያ ስፒክስ» የሚል መጽሐፍ ታነብ ነበር። ከ50 በላይ የሶርያ ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች የተሳተፉበት፣ ግጥም፣ ካርቱን፣ ዘፈንና ድርሰት የያዘ የጥበብ መጽሐፍ ነው። ከአስተናጋጆቹ አንዱ አይቶ ኖሯል፤ ሪፖርት አደረገ። እሷ ምንም አታውቅም። ሽርሽሯን ጨርሳ ስትመለስ ፖሊሶች ዶንካስተር ኤርፖርት ላይ ጠበቋት። በሰባተኛው አባሪ ነው የጠየቋት። የሴትየዋ ሥራ ምን መሰላችሁ? የአእምሮ ጤና ባለሙያ ናት። ከሥራዋ አንዱ ክፍል ወጣት ሕሙማን ወደ አክራሪነት እንዳይሳቡ መከታተል ነበር።

ጥያቄው 15 ደቂቃ ብቻ ነው የፈጀው። አንዳንድ ሰው ታዲያ ይህ ምን ያስለቅሳል ይላል። እኔ ደቂቃውን አልቆጥርም። እስቲ አስቡት፤ ያ ሁሉ የሽርሽር ቀን ባሕር ዳር ተቀምጣ ስትስቅ፣ አገሯ ላይ ስሟ ተጽፎ ይጠብቃት ነበር። ሻይ የሚያቀብል ሰው ገጿን አይቶ ነው። ከዚያ በኋላ አውሮፕላን ላይ መጽሐፍ ስትከፍት ዙሪያዋን ሳታይ የምትከፍት ይመስላችኋል?

በአፕሪል 2023 የሆነው በባቡር ነው፣ ግን ሕጉ ያው ነው። የአንድ ግራ ዘመም የፈረንሳይ አሳታሚ ሠራተኛ ለለንደን የመጻሕፍት ዐውደ ርዕይ ከፓሪስ መጣ። ሴንት ፓንክራስ ጣቢያ ላይ ያዙት። የስልኩንና የኮምፒውተሩን የይለፍ ቃል አልሰጥም ሲል አሰሩት። አሳታሚው እንደተናገረው፣ ከሚያሳትሟቸው ደራሲዎች ፀረ መንግሥት የሆኑት እነማን እንደሆኑም ተጠይቋል። በኋላ የአገሪቱን የሽብር ሕጎች አፈጻጸም በነጻነት የሚገመግመው ጆናታን ሆል ጉዳዩን መርምሮ፣ እንዲህ ያለው ሥልጣን ሰላማዊ ተቃዋሚ ማን እንደሆነ ለማጣራት መዋል እንደሌለበት ጻፈ። ጥሩ ጽሑፍ ነው። ግን ሰውየው ከታሰረና ዕቃው ከተወሰደ በኋላ የመጣ ነው።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ። ጋሼ የእናቴ ታናሽ ወንድም ናቸው። እኔ ልጓዝ ስል ዋዜማው ላይ እሳቸው ሳያዩት ሻንጣዬ አይዘጋም። ልብሱን አይነኩትም። መጽሐፎቹን ብቻ ያወጡና አልጋ ላይ ይደረድሯቸዋል። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሽፋን ሽፋኑን ያያሉ።

«ይሄ ይቅር» ይላሉ።

«ጋሼ፣ ታሪክ እኮ ነው። ገበያ ላይ የሚሸጥ።»

«ይሸጥ። አንቺ ግን ምን አደከመሽ? እኔ ቤት ይቀመጥልሽ፤ ስትመጪ ታነቢዋለሽ።»

እሺ ካላልኩ አሮጌ የቀን መቁጠሪያ ያመጣሉ። ወረቀቱን በጥንቃቄ በመቀስ ይቆርጡና መጽሐፉን ይለብጡታል፤ የተማሪ ደብተር እንደሚለበጠው፣ ጥጉን አጥፈው፣ ነጩን ጎን ወደ ውጭ አድርገው። ላዩ ላይ ምንም አይጽፉም። እጃቸው ሲሠራ አየዋለሁ፤ ለምዶታል።

በ1969 ዓ.ም. (ይህ የእኛ አቆጣጠር ነው) መጋቢት ላይ አዲስ አበባ ቤት ለቤት ስትታሰስ ጋሼ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበሩ። መሣሪያ ይፈለግ ነበር። ግን ጽሕፈት መኪናም ይፈለግ ነበር፣ ማባዣ ማሽንም፣ የኢሕአፓ ልሳን የነበረችው «ዴሞክራሲያ»ም። አያቴ ልጇ ወረቀት እንደሚሰበስብ ታውቃለች። ማንበብ ግን አትችልም። የቱ ወረቀት እንደሚያስገድል፣ የቱ እንደማያስገድል መለየት አትችልም። ስለዚህ ፊደል ያለበትን ሁሉ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። የሌኒንን መጽሐፍ አቃጠለች፤ እሱን ደርግ ራሱ ነበር አንብቡ የሚለው። የሒሳብ መጽሐፉን አቃጠለች። የትምህርት ካርዱን አቃጠለች። ከሰፈራቸው ሌላዋ እናት የማይነደውን ሽንት ቤት ጨመረች ይላሉ ጋሼ። አሳሾቹ ሲመጡ ቤቱ ውስጥ የተጻፈ ነገር አልነበረም። ልጁም ተረፈ።

አያቴን በዚህ ማንም አይወቅሳትም፣ እኔማ ልጅ ልጇ ነኝ። የሚያንገበግበኝ የጋሼ እጅ ነው። ያ መንግሥት ከወደቀ ስንት ዘመን ሆነው። ዛሬም ግን እጃቸው መጽሐፍ ይለብጣል። ከዚያ ወዲህ የመጡት መንግሥታትም ልማዱን እንዲተዉ ምክንያት አልሰጧቸውም። በ2001 ዓ.ም. (ይህም የእኛ አቆጣጠር ነው) የወጣው የፀረ ሽብር አዋጅ ሥራ ላይ በነበረበት ጊዜ ጸሐፊዎችና ብሎገሮች በጽሑፋቸው ታስረዋል። በዞን ዘጠኝ ጦማሪዎች ክስ ላይ ስለ ኢንተርኔት ደህንነት የሚያስተምር መመሪያ ማስረጃ ተብሎ ቀርቧል። ጋሼ ይህን ሁሉ በዜና ሰምተዋል።

እና ማለት የምፈልገው ይህንን ነው። ፍተሻው የሚጀመረው ኤርፖርት አይደለም፤ ከጉዞው ዋዜማ ማታ፣ መኝታ ቤት ውስጥ ነው። አሁን ሜሪላንድ ያሉ ጓደኞቼም እንደዚያው ያደርጋሉ። ደርግን ያላዩ፣ እዚህ የተወለዱ ልጆች ናቸው። አንዷ የዶክትሬት ጽሑፏ ስለ ነጻ አውጪ ንቅናቄዎች ነው፤ ለጉባኤ ስትበር ማስታወሻዋን በፖስታ ቀድማ ትልካለች። ማንም አልከለከላትም። የከለከላት ሕግም የለም። ስለ ሌሎች የሰማችው ይበቃታል። በየኤርፖርቱ ጥቂት ሰዎች ተይዘው ሲጠየቁ፣ ሳይያዙ መጽሐፋቸውን ቤት የሚተዉት ስንት እንደሆኑ የሚቆጥር የለም፤ ምክንያቱም እነሱ ላይ የደረሰ ነገር የለም።

ሌላውንም ወገን እሰማለሁ። ፍርሃቱ ከባዶ አልመጣም። አውሮፕላን በእጅ ስለት ተጠልፎ ሕንጻ ላይ ወድቋል፤ ወደ ሦስት ሺህ የሚጠጋ ሰው አልቋል። የበረራ ሠራተኞች ያዩትን እንዲናገሩ ይሠለጥናሉ፤ ባይናገሩና አደጋ ቢደርስ የሚጠየቁት እነሱ ናቸው። ደግሞ ወረቀት ሁሉ አንድ አይደለም። የፈንጂ አሠራር የሚያስተምር መጽሐፍ አለ፤ እንግሊዝ ውስጥ እንዲህ ያለውን ያለ በቂ ምክንያት መያዝ እስከ 15 ዓመት ያሳስራል። እሱን አልከራከርም። እኔ የምናገረው ስለ ሐሳብ ነው። መንግሥት ይውደቅ የሚል መጽሐፍም ሐሳብ ነው። ማርክስን ከሚያነቡት መሀል እሱን ሊሞግቱ የሚያነቡት ስንቶች ናቸው? የጂሃዲስቶችን ጽሑፍ ከማንም በላይ የሚያነቡት እነሱን የሚከታተሉ ተመራማሪዎችና ደህንነቶች አይደሉም እንዴ? እኔ ስለ ቀይ ሽብር የገዳዮቹንም መጽሐፍ አነባለሁ፣ የሟቾቹንም። ሁለቱንም ሳላነብ እንዴት እፈርዳለሁ?

ዛሬ ደግሞ ሻንጣው ስልክ ውስጥ ገብቷል። ቴሌግራማችን በፒዲኤፍ የተሞላ ነው። የማንበቢያ ጊዜ ያላገኘንለት፣ ሌላ ሰው የላከልን፣ ከፍተን ያላየነው ሁሉ አለ። አሜሪካ ስትገቡ የጉምሩክ መኮንን ስልካችሁን በእጁ እያገላበጠ ለማየት የፍርድ ቤት ፈቃድ አይጠይቅም። በመሣሪያ ቀድቶ ለመበርበር ግን የመሥሪያ ቤቱ የ2018 መመሪያ ምክንያታዊ ጥርጣሬ ወይም የብሔራዊ ደህንነት ጉዳይ ያስፈልጋል ይላል። ዜጋ ከሆናችሁ ይለፍ ቃል አልሰጥም ብትሉ ከመግባት አትከለከሉም፤ ስልኩ ግን ሊያዝ ይችላል። በቪዛ የምትገቡ ከሆነ ሊመልሷችሁም ይችላሉ። አገር ቤትም በጦርነቱ ጊዜ በየኬላው ስልክ ይፈተሽ እንደነበር የተጓዘ ያውቃል። ሰው ኬላው ጋ ሳይደርስ ፎቶ ሲያጠፋ፣ ዘፈን ሲያጠፋ፣ ከግሩፕ ሲወጣ ነበር።

መናገር ለውጥ ያመጣል። በ2017 የአሜሪካ ኤርፖርት ፈታሾች መጽሐፍና ወረቀት ከእጅ ሻንጣ ወጥቶ ለብቻው እንዲታይ በጥቂት ቦታዎች ሞክረው ነበር። የመብት ተሟጋቾች የማንበብ ነጻነትን አንስተው ተቃወሙ። ሙከራው በዚያው ዓመት ቀረ። ዓረብኛ ሲያጠና የተያዘው ተማሪም ዝም አላለም፤ ከሰሰ። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2013 የፌዴራል ሠራተኞቹን ከክሱ ነጻ አደረጋቸው፤ እኔ በዚያ ፍርድ አልስማማም። የፊላዴልፊያ ከተማ ግን በ2015 25,000 ዶላር ከፍሎ ታረቀ። ፖሊሶቹም ፈታሾች ያዙልን ስላሏቸው ብቻ ሰው እንዳያስሩ፣ ራሳቸው መዝነው እንዲወስኑ መመሪያ እንዲሰጣቸው ተስማማ።

እንዲህ ያለ ነገር የገጠማችሁ አንባቢዎች፣ ቢያንስ ጻፉት። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ በሩን፣ የመኮንኑን የመለያ ቁጥር፣ የተጠየቃችሁትን ቃል በቃል። ከአንድ ሳምንት በኋላ ይረሳል። አሜሪካ ውስጥ በተደጋጋሚ የምትቆሙ ከሆነ የአገር ውስጥ ደህንነት መሥሪያ ቤቱ ዲ.ኤች.ኤስ ትሪፕ የሚባል የቅሬታ መንገድ አለው። በነጻ ነው። ማመልከቻው ካለቀ በኋላ የሚሰጣችሁን ቁጥር ትኬት ስትቆርጡ ትሞሉታላችሁ። እንግሊዝ ውስጥ ከአንድ ሰዓት በላይ ሊጠይቋችሁ ከፈለጉ በይፋ ሊይዟችሁ ይገባል፤ ያኔ ጠበቃ ጥሩልኝ ማለት ትችላላችሁ። ጠበቃ ለመጥራት አትፈሩ። የያዛችሁትን መጽሐፍ ስምም በትክክል አስመዝግቡ፤ ደራሲውን፣ ዓመቱን፣ አሳታሚውን። ምን ስታነቡ እንደቆማችሁ በወረቀት ላይ ይቅር።